ለሥራ የተላኩ ሽማግሌዎች

ቃለ መጠይቁስ ቀላል ነው። ትገባላችሁ፣ ትቀመጣላችሁ፣ ይጠይቋችኋል፣ ትመልሳላችሁ፣ ትወጣላችሁ። ጣጣው የሚጀምረው ከወጣችሁ በኋላ ነው። ከሊፍት ወርዳችሁ፣ የተዋሳችሁትን ክራቫት አላልታችሁ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አስፋልቱ ዳር ስትቆሙ "እሺ፣ አሁንስ ምን ላድርግ?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። ለዚህኛው ጥያቄ ማንም አላዘጋጃችሁም።

ኢንተርኔት ላይ መካሪ ሞልቷል አትሉኝም? አዎ፣ ሞልቷል። በማግስቱ የምስጋና ኢሜይል ላኩ ይላሉ። ዘና በሉ፣ ስፖርት ሥሩ፣ አእምሯችሁን አሳርፉ ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ጎሮ ኖረው አያውቁም። ከእናትና ከአባታቸው ጋር አንድ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው መልስ ጠብቀው አያውቁም። እኛ ቤት ዘና ማለት ሲባል ሠላሳ ዓመት ያለፈው ጎረምሳ በጠራራ ፀሐይ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ማለት ነው። እናቴ ይኼን ካየች መጥረጊያ ይዛ ነው የምትመጣው፤ የምትጠርገው ግን ሶፋው ሥር ብቻ ነው።

እኔ ግን ምክር እሰማለሁ፤ የምስጋና ኢሜይሉን ላክሁ። ስለሰጣችሁኝ ዕድልና ስላደረጋችሁልኝ መስተንግዶ ከልብ አመሰግናለሁ አልኩ። መስተንግዶው ትንሽዬ የታሸገ ውኃ ነበር፤ እሱንም ስፈራ ሳልከፍተው ነው የወጣሁት። መልስ አልመጣም።

ሥራው ምን መሰላችሁ? የስምሪት ኃላፊ። ዕቃ የሚያጓጉዝ ድርጅት ነው፤ የትኛው መኪና የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚነዳው የሚያዝ ሰው ነው የፈለጉት። እኔ የሹፌር ልጅ ነኝ። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ከላምበረት ደሴ፣ ከደሴ ላምበረት አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። የተማርኩትም፣ ቀድሞ የሠራሁትም ይኼንኑ ነው። የቀድሞው መሥሪያ ቤቴ ከተዘጋ ወዲህ በእናቴ ሱቅ ውስጥ ሳሙናና ፓስታ ስሸጥ ነው የከረምኩት። ደንበኞቹ ጠዋት ጠዋት "ጀማል፣ ዛሬም አለህ?" ይሉኛል። ይኼ ሰላምታ መሆኑ ነው። እዚህ ላይ አልቀልድባችሁም፤ ሥራውን በጣም ፈልጌው ነበር። ሌሊት የምነቃው ስለ እሱ ሳስብ ነበር።

የጠየቁኝ ሦስት ናቸው። ሁለቱ ወንዶች ስልካቸውን ሲነካኩ ነበር። ሦስተኛዋ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ናት፤ ሐያት እንድሪስ ትባላለች። እሷ ስልክ አልነካችም፤ ዓይን ዓይኔን እያየች ነው የጠየቀችኝ። "አንድ ሹፌር ዕቃ ጭኖ መንገድ ላይ ስልኩን ቢያጠፋ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?" አለችኝ። "ሚስቱ ጋ እደውላለሁ" አልኩ። ሳቀች። ሁለቱ ወንዶችም እሷ ስትስቅ አይተው ሳቁ። መጨረሻ ላይ "አንተስ እኛን የምትጠይቀን ነገር አለ?" አለችኝ። የለም ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ መልስ መጠበቅ ሆነ። ስልኬን ይዤ ሽንት ቤት መግባት ጀመርኩ። አንድ ቀን የማላውቀው ቁጥር ሲደወል ገና አንዴ ሳይጮኽ አነሳሁት። አንዲት ሴትዮ ናት፤ "የቧንቧ ሠራተኛው ነህ?" አለች። አይደለሁም አልኳት። "ታዲያ ምን ሆነህ ነው እንዲህ ተስፈንጥረህ የምታነሳው?" አለችኝ። ሥራ እየጠበቅሁ ስለሆነ ነው አልኳት። "እኔ ጋ ሥራ አለ፣ ና፤ ውኃው ሳሎን ገብቷል" አለችኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለአፍታ አሰብኩበት።

ሌላ ቀን ደግሞ የድርጅቱ ሕንፃ ሥር ያለው ካፌ ሄጄ ተቀመጥኩ። በአጋጣሚ ያለፍኩ መስዬ ልታይ ነው እንግዲህ። ከጎሮ ተነስቼ፣ ሚኒባስ ተጋፍቼ፣ በአጋጣሚ! አንድ ማኪያቶ ይዤ ግማሽ ቀን ዋልኩ። ያየኝ የሕንፃው ጥበቃ ብቻ ነው፤ እሱም ወንበሬን ለሌላ ሰው እንድለቅ ነገረኝ።

አባቴ ይኼን ሁሉ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና አንድ ማታ እራት ላይ "እዚያ መሥሪያ ቤት ሰው አለህ?" አለኝ።

ይኼን ጥያቄ የማያውቅ ይኖራል? ሰው አለህ ማለት ከውስጥ የሚይዝልህ አለ ወይ ማለት ነው። የለኝም አልኩት። "ማነው ታዲያ የጠየቀህ?" አለ። ሐያት የምትባል ልጅ ናት አልኩት። "የማን ልጅ?" አለ። ሐያት እንድሪስ። "እንድሪስ የማን?" አለ። አባዬ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ የጠያቂ አያት አይጠየቅም አልኩት። አባቴ እጁን ታጥቦ ተነሳ። በማግስቱ ጠዋት ኮፍያውን አድርጎ ላምበረት ሄደ።

ላምበረት ለእናንተ መናኸሪያ ነው። ለአባቴ ግን የሕዝብ መዝገብ ቤት ነው። እዚያ ያሉት የድሮ ሹፌሮች ከዚህ እስከ ወልዲያ የማን ቤት የት እንዳለ፣ ማን የማን አክስት እንደሆነች፣ ማን ስንት ፍየል ጭኖ እንደመጣ ያውቃሉ። አባቴ የዚያኑ ዕለት መረጃውን ሰብስቦ ተመለሰ። የሐያት አባት አቶ እንድሪስ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ሰሚት ነው የሚኖሩት። ወደ አዲስ አበባ ሲዛወሩ የቤት ዕቃቸውን የጫኑላቸው የአባቴ የሥራ ባልደረባ ጋሽ ይመር ናቸው ለካ። "አልጋቸውን ሳይቀር እኔ ነኝ ያወረድኩት" ብለው ነበር ጋሽ ይመር። ከዚህ በላይ ምን ሰው ይፈለጋል?

እኔ የማውቀው እስከዚህ ነበር። ምን እንዳሰቡ የነገረኝ የለም።

እሁድ ረፋዱ ላይ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ጋሽ ይመር፣ ሐጂ ሙሄና ሌላ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ ከሚኒባስ ወረዱ። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ፊታቸው በርቷል። ሐጂ ሙሄን የጎሮ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ የተጣላ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ እሳቸው ናቸው። ሁለቱ ሳይፈልጉም ያስታርቃሉ። አባቴ እየሮጠ ወጥቶ ተቀበላቸው። "ተሳክቷል ኢንሻ አላህ! አብሽሩ!" አሉ ሐጂ።

ምኑ ነው የተሳካው? አልኩ።

ጋሽ ይመር ተቀምጠው ተረኩልን። ሰሚት ሄዱ። በሩ ተከፈተላቸው። ግቡ፣ ተቀመጡ ተባሉ። ሐጂ ሙሄ አልቀመጥም አሉ። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይሰማለት መች ይቀመጣል? ሁለቱም አብረዋቸው ቆሙ። በአላህ ተቀመጡ ሲሏቸው፣ የለም ቆመን ነው የምንናገር ሲሉ፣ አቶ እንድሪስ ግራ ገብቷቸው "ይሁን፣ እሰማችኋለሁ" አሉ። እዚህ ላይ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጃችን ጀማል ከልጅዎ ከሐያት ዘንድ ጉዳይ አለው። ልጁ ጨዋ ነው፣ ወገንዎም ነው። እሺ እንድትለው እርስዎ አባቷ ቃል ያውጡልን" አሉ።

"ሥራ የምትለዋን ነገር አነሷት?" አልኩ።

ጋሽ ይመር ተቆጡኝ። "ሰው ቤት ሄደን ሥራ ስጡን ብለን እንለምን? ነውር አይደለም? ጉዳይ አልን፤ ጉዳይ ከተባለ ያልገባው ይጠይቃል" አሉ።

ጠየቁ እንዴ ታዲያ? እንዴታ! ሐጂ ሙሄ በአድናቆት ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው የነገሩን። ይሰግዳል ወይ አሉን፤ ይሰግዳል አልን። ይጠጣል ወይ አሉን፤ በጭራሽ አልን። አያቱ ማነው፣ የአያቱ እናት ከየት ናት አሉን። አግብቶ ፈትቶ ያውቃል ወይ አሉን። "እንዲህ ያለ ጠንቃቃ መሥሪያ ቤት በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም" አሉ ሐጂ።

አባቴ ምንም አልደነቀውም። "የመኪና ሥራ እኮ ነው፤ የሚጠጣ ሰው አይፈልጉም" አለ።

"አግብቶ ፈትቶ ያውቃል ወይ ማለታቸውስ?" አልኩት።

"የፈታ ሰው ልቡ አይረጋም፤ ስምሪቱን ያሳስተዋል" አለኝ።

አሁን ሥራው ምንድን ነው ብለውም ጠይቀው ነበር፤ ሐጂ "በቅርብ ጥሩ ቦታ ይገባል ኢንሻ አላህ" ብለው ዓይናቸውን ጠቀስ አድርገዋል። አቶ እንድሪስም ልጅቷን እንጠይቃት፣ ዘመድም እናማክር፣ የዛሬ ሳምንት መልሱን ትወስዳላችሁ ብለዋቸዋል። ከዚያ ማርና ዳቦ ቀርቦ በልተው መጡ። "እናትየዋማ እንዴት ያለች አዛኝ ናት! እንባዋን በሻሿ ስትጠርግ ነበር" አሉ ጋሽ ይመር።

እናቴ ይኼን ጊዜ ከጓዳ ወጣች። "እናትየዋ አለቀሰች?" አለች። አለቀሰች አሏት። እናቴ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ከዚያ ወደ አባቴ ዞራ "አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን እኮ ለልጅህ አጨህለት" አለችው።

 ዝምተኛው ሽማግሌ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፍተው "እኔም መስሎኝ ነበር" አሉ።

እንዴት እንዳፈርኩ ልነግራችሁ አልችልም። የሰው ልጅ ከቃለ መጠይቅ በኋላ የምስጋና ኢሜይል ይልካል፤ እኔ ሽማግሌ ላክሁ! የዚያን ቀን ምግብ አልበላሁም። አባቴም አልበላም። ጥጉ ላይ ተቀምጦ "ለአንተ ብዬ እኮ ነው" አለኝ አንዴ፤ አዘንኩለት፣ ተናደድኩበትም። እናቴ ብቻ በደንብ በላች።

ሰኞ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ሐያት ናት።

"ጀማል፣ ኢንተርቪው ላይ የምትጠይቀን ነገር አለ ወይ ስልህ የለም አላልክም?" አለችኝ።

 ስህተት ነው፣ እኔ አላውቅም፣ ለሥራው ነው የሄዱት፣ አባቴ ነው፣ ብዬ አከታትዬ ዘባረቅሁ። "ለሥራው?" አለች። አዎ አልኳት። "እኔ እኮ የምርህን መስሎኝ ነበር" አለች። ድምጿ ውስጥ ሳቅ ነበር፤ ከሳቁ ጋር ግን ሌላ ነገርም ነበር፣ ምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ከዚያ ነገሩን አፍረጥርጣ ነገረችኝ። አንደኛ የወጣሁት እኔ ነበርኩ። ማንም ምንም ሳይላት፣ ገና በዚያው በቃለ መጠይቁ ዕለት። የቀረው የአለቃዋ ፊርማ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ መስክ ወጥቶ ሰኞ ነበር የሚመለሰው። ሰኞ ሲመለስ ምን ትበለው? "ትናንት ሽማግሌ የላከብኝን ሰው ነው የመረጥኩት፣ ፈርምልኝ ልበለው? እኛ ጋ ዘመድ መቅጠር ክልክል ነው። ስለዚህ እኔው ነገርኩት። ሁለተኛ የወጣውን ጠሩት" አለችኝ።

አያችሁ? ምንም ባላደርግ ኖሮ ሥራው የእኔ ነበር። ሶፋው ላይ ተጋድሜ ብጠብቅ ኖሮ! እነዚያ ዘና በሉ የሚሉት መካሪዎች ልክ ነበሩ። ከሁሉም በላይ ያናደደኝ እሱ ነው።

"ለቤተሰቦችሽ ለምን አትነግሪያቸውም?" አልኳት።

"አንተ ንገርልኝ! እናቴ ለአክስቶቼ ሁሉ ደውላ ጨርሳለች። ልጅሽ የተፈለገችው ለሥራ ጉዳይ ነው ልበላት? ሽማግሌዎችህን በቀጠሮው ላክና ራሳቸው ይቅርታ ይጠይቁ" ብላ ዘጋችው። ሥራ ያጣሁት እኔ፣ የምወቀሰው እኔ።

በቀጠሮው እሁድ እኔም አብሬ ሰሚት ሄድኩ። ሐጂን መንገድ ሙሉ ሳስጠናቸው ነበር። አሁን ጉዳይ የሚባል ነገር የለም፤ ሥራ ነበር፣ ተሳስተናል፣ ይቅርታ፣ አለቀ። እሺ፣ እሺ አሉኝ። እኔ ውጭ ቀረሁ፤ ከግቢው ፊት ለፊት ካለች ሱቅ ለስላሳ ገዝቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ትንሽ ቆይቶ የግቢው በር ተከፈተና ሐያት ወጣች። ነጠላ ጫማ፣ ሻሽ፣ እጇ ላይ የሽንኩርት ቢላ። ቢሮ ካየኋት ሐያት ጋር አንድ ሰው አትመስልም። ቢላውን ሳይ ተነስቼ ቆምኩ። "ተቀመጥ፤ ገና አልወሰንኩም" አለችኝ። እሷም ለስላሳ አዘዘች። "ለመሆኑ ያ ሹፌር ሚስቱም ስልክ ባታነሳስ?" አለች። "አማቱ ጋ እደውላለሁ" አልኳት። ሳቀች፤ እዚህ ግን ቢሮ የነበሩት ሁለት ወንዶች ስላልነበሩ ሳቋን ጥርት አድርጌ ሰማሁት። ብዙ አወራን፤ ስለ ሥራው ግን አንድም ቃል አላነሳንም።

ሽማግሌዎቹ ወጡ። ጋሽ ይመር መሬት መሬት ያያሉ። "ነገራችኋቸው?" አልኩ።

አልነገሩም። ምክንያቱም ቀጠሮ የሰጠ ባለቤት ነው ቀድሞ የሚናገረው፤ ደንቡ ነው። አቶ እንድሪስ ገና ሻይ ሳይቀዳ ተናገሩ። "አጣርተናል። ልጁ ጨዋ ነው፣ ቤተሰቡም የሚያስከብር ነው። ነገር ግን ይገባል ያላችሁት ሥራ እንዳልተሳካለት ሰምተናል። ልጄን ሥራ ለሌለው ሰው አልድርም" አሉ።

ገባችሁ? ይቅርታ ሊጠይቁ ሄደው እምቢ ተባሉ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሁለት ቦታ ተጣልኩ፤ አንደኛው ጨርሶ ያላመለከትኩበት ነው። የጣሉኝም አባትና ልጅ ናቸው።

"እና ዝም ብላችሁ ወጣችሁ?" አልኩ።

ጋሽ ይመር ሐጂን አዩ። ሐጂ ከዘራቸውን አዩ። ሐጂ ሙሄ በዕድሜያቸው እምቢ ተብለው ዝም ብለው የወጡበት ቤት የለም። እምቢ የምትለውን ቃል ሲሰሙ ያስጠናኋቸው ሁሉ ጠፋባቸው። ተነስተው ቆሙ። ሁለቱም አብረው ቆሙ። በአላህ ይዘንዎታል፣ ሥራ ይመጣል፣ ልጁ ወርቅ ነው፣ እሺ ካላሉን ከዚህ ቤት አንወጣም ብለው ለመኑ። አቶ እንድሪስ ብዙ ተግደርድረው በስተመጨረሻ "እንግዲያው ሥራ ሲይዝ ትመጣላችሁ" አሏቸው። ሐጂ ይኼን ሲነግሩኝ ፊታቸው እንደገና በርቶ ነበር።

ሐያት ሁሉንም ሰምታለች። ቢላዋን እንደያዘች ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ ግን እንደ ባለፈው አላፈርኩም። ለምን እንዳላፈርኩ ወደ ጎሮ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሳስበው ቆየሁ።

ከዚያ ወዲህ ሱቅ ውስጥ ሆኜ ማመልከቻዬን እዚህም እዚያም መበተኔን ቀጠልኩ። ሐያት አንዳንዴ ትደውላለች። ሐጂ ምን አሉ ትለኛለች፤ እኔም ሐጂ ያላሉትን ጨምሬ እነግራታለሁ። አባቴ ላምበረት እንዳይሄድ እናቴ ኮፍያውን ደብቃበታለች።

ባለፈው ሰሞን ሐያት ደወለች፤ የዚያን ዕለት ግን የቢሮ ድምጿ ነው። ሁለተኛ የወጣው ልጅ የተሻለ አግኝቶ ለቆ ሄዷል። ቦታው ክፍት ነው። አለቃዋ ያንን የሽማግሌ ልጅ ጥሪው ብሏታል። "ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቅሃል። ከእኔ ጋር የቤተሰብ ጉዳይ አለህ ወይ ይልሃል። የለም፣ አልቆ ተዘግቷል ካልክ ነገ መጀመር ትችላለህ። አለ ካልክ ግን አይሆንም" አለችኝ።

እዚያው ባንኮኒው ጀርባ ቆሜ አሰብኩ። አንድ ደንበኛ "ኧረ ሳሙናውን ስጠኝ" ይለኛል። ሌሊት እየነቃሁ የተመኘሁት ሥራ ነው። የቀረኝ የለም ማለት ብቻ ነው፤ ለቃለ መጠይቅ ጥያቄ ደግሞ የለም ማለት እችልበታለሁ።  እሷም እንድቸኩል አላደረገችኝም፣ አልመከረችኝምም።

"ሐያት፣ ሌላ መሥሪያ ቤት የሚቀጥር የምታውቂው ሰው የለም?" አልኳት።

 ከዚያ የቢሮ ድምጿ ጠፋ።

"ሲቪህን ከትናንት ጀምሮ እየበተንኩልህ ነው" አለችኝ።